የአብነት ትምህርት ቤት ቀለብ ከማን እጅ ሲመጣ ኖረ?

(በሬዲዮ የተነገረ ንግግር)



ማናቸውም ትምህርት ቤት፣ ትልቅም ይሁን ትንሽ፣ የቤተ ክህነትም ይሁን የመንግሥት፣ አራት ነገሮች ሳይሟሉለት ሊቆም አይችልም። አንደኛው መምህሩ የሚበላው እንጀራ፣ ሁለተኛው ተማሪው የሚበላው እንጀራ፣ ሦስተኛው ዝናብና ፀሐይ የሚከለክል ጣራ፣ አራተኛው መጽሐፍ ነው። እነዚህን አራቱን የሚችል ማን ነው ብሎ የጠየቀ ሰው የአንድን አገር የትምህርት ታሪክ ግማሹን ጠየቀ ማለት ነው። በዛሬው ንግግሬ ይህንኑ ጥያቄ ስለ ጎጃም የአብነት ትምህርት ቤቶች ላቀርብ አስቤአለሁ። መንግሥት ለእነዚህ ትምህርት ቤቶች ምን ሰጠ? የሰጠውስ ከማን ወስዶ ነው? መስጠቱን ባቆመ ጊዜስ ምን ሆነ? ነገሩ የቆየ ቢመስልም በየመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ይዘን ለምንውል ሰዎች ሁሉ የሚነግረን ቁም ነገር አለው።

የደባይ ጥላት ግን ወረዳ ከተማ ቁይ ናት። ወረዳው በአንድ በኩል ከእነማይ፣ በሌላው በኩል ከእናርጅ እናውጋ ጋር ይጎራበታል። በእነማይ የዲማ ጊዮርጊስ ገዳም፣ በእናርጅ እናውጋ ደግሞ ደብረ ወርቅ ማርያም አሉ። አለፍ ሲሉ መርጡለ ማርያም፣ ከደብረ ማርቆስ ማዶ ደግሞ ደብረ ኤልያስ ይገኛሉ። በቅኔ ስማቸው በአገሩ ሁሉ የታወቀው ዋሸራና ጎንጅም የዚሁ የጎጃም ምድር ናቸው። እንግዲህ ቁይና አካባቢዋ፣ ደበሎ ለብሶ አኮፋዳ አንግቶ ከአንዱ ደብር ወደ ሌላው በሚጓዝ ተማሪ መንገድ ላይ ያሉ ናቸው። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ በደብረ ማርቆስ አጠገብ በእንዶዳም ተወልደው በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ የተማሩት በዚሁ መንገድ ነው። በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት በ«ፍቅር እስከ መቃብር» የዲማው ተማሪ በዛብህ የልቦለድ ሰው ቢሆንም፣ የኖረው ኑሮ ግን ልቦለድ አልነበረም።

የአብነት ትምህርት ብዙ ዘመን የሚጠይቅ ትምህርት ነው። በንባብ ቤት ልጁ ፊደል ይቆጥራል፣ ዳዊት ይደግማል። በዜማ ቤት ጾመ ድጓና ድጓ ያጠናል። በቅኔ ቤት ከጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ መወድስና ዕጣነ ሞገር እየተቀኘ ይወጣል። በመጻሕፍት ቤት የብሉይን፣ የሐዲስን፣ የሊቃውንትንና የመነኮሳትን ትርጓሜ ይሰማል። ሁሉንም ልዝለቅ ያለ ሰው በልጅነቱ ገብቶ ጎልማሳ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ የዚህ ትምህርት ወጪ የሚበላው እንጀራ ብቻ አይደለም፤ ከእርሻው የጎደለው የወጣት ጉልበትም ነው። በሬ የሚጠምድ እጅ ብዕር ሲጨብጥ፣ የቀረውን ሥራ የሚሠራ ሌላ እጅ መኖር አለበት።

ታዲያ ይህን ሁሉ የቻለው ማን ነው? የተለመደው መልስ «መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን ናቸው» የሚል ነው። «ሲሶ ለነጋሽ፣ ሲሶ ለቀዳሽ፣ ሲሶ ለአራሽ» የሚለው የቆየ አባባልም ይህንኑ ያስታውሳል። አባባሉ በየአገሩ በትክክል በሦስት ተከፍሎ ይሠራበት ነበር ማለት አይደለም፤ ነገር ግን ቀዳሹ ከምርቱ የተቈረጠ ድርሻ ያለው መሆኑን ያመለክታል።

በጎጃም የነበረውን ሥርዐት ለመረዳት ርስትንና ጉልትን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። ርስት ገበሬው ከአባቱና ከእናቱ ወገን በትውልድ የሚወርሰው መሬት ነው። ጉልት ግን አፈሩ ሳይሆን ከአፈሩ ላይ ግብርና ዐሥራት የመቀበል መብት ነው። ንጉሥ ወይም ንግሥት ለአንድ ደብር ጉልት ሰጡ ሲባል፣ ቀድሞ ለቤተ መንግሥት ወይም ለሹም ይገባ የነበረው ግብር ከእንግዲህ ለደብሩ ይግባ ማለት ነው። ስጦታውም በወንጌሉ ኅዳግ ላይ የሰጪው ስምና የምስክሮቹ ስም ተጽፎ፣ የሚያፈርስ ሁሉ የተወገዘ ይሁን ተብሎ በግዝት ይታሰር ነበር። በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በንግሥት እሌኒ የተሠራችው መርጡለ ማርያም በእንዲህ ያለ ጉልት የበለጸገች ደብር ነበረች። የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትም በ1873 ዓ.ም. ከነገሡ በኋላ መናገሻቸውን ምንቆረርን በማርቆስ ታቦት ስም ደብረ ማርቆስ ሲያሰኙ፣ አዲሱን ደብር ያቆሙት ከነአገልጋዮቹና ከነመተዳደሪያው ነው።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባን ነገር አለ። ንጉሡ ጉልት ሲሰጥ ከግምጃ ቤቱ አንድ ጠገራ ብር እንኳ አይወጣም። የሰጠው ከገበሬው ጎተራ ወደ ደብሩ ጎተራ የሚሄደውን መንገድ ነው። ስሙ የተጻፈው በወንጌሉ ላይ ነው፤ እህሉ የተሰፈረው ግን ከሌላ ሰው አውድማ ነው።

ሁለተኛው ነገር ደግሞ ይህ ነው። መሬቱ የተመደበው ለአገልግሎት እንጂ በስሙ ለትምህርት አይደለም። ከሰሞን መሬት ለቄሱ፣ ለዲያቆኑ፣ ለደብተራው፣ ለመሪጌታው ድርሻ አለ። መሪጌታው መሬት ያገኘው ማኅሌት ስለሚመራ ነው፤ ከማኅሌት በኋላ በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ማስተማሩ በዚያው ላይ የተደረበ ሥራ ነበር። መሬት ሳይኖራቸው፣ ሕዝቡ ወዶ በሚሰጣቸው እህልና ደቀ መዛሙርቶቻቸው አርሰውና አጭደው በሚያስገቡላቸው ምርት ብቻ ያስተማሩ የኔታዎችም ብዙዎች ነበሩ። ተማሪው ግን ከሰሞኑም ከጉልቱም ክፍያ ውስጥ የለም። ለእርሱ የተጻፈለት ቀለብ የለምና «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ፣ በዱላው ውሻ እየተከላከለ በየደጁ ይቆማል። ቁራሽ ወይም ቆሎ የምታቀብለውም የቤቱ እመቤት ነች። የቆሎ ተማሪ የተባለውም ስለዚሁ ነው።

እንግዲህ ሒሳቡን ስናስብ አንድ የገበሬ ቤት ለአንድ ትምህርት ቤት ሁለት ጊዜ ይከፍል ነበር። አባወራው በዐሥራቱ መምህሩን ያበላል፤ እማወራይቱ በቁራሿ ተማሪውን ታበላለች። የመጀመሪያው ክፍያ በግዴታ፣ ሁለተኛው በፈቃድ ነው። ይልቁንም የሚደንቀው፣ ያችው በየቀኑ ተማሪ የምታበላ እናት ሴት ልጇን ወደ ጉባኤው ለመላክ ዕድሉ ያልነበራት መሆኑ ነው። እንደ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ያሉ፣ ዓይነ ስውር ሳሉ በጎጃም የቅኔ መምህርት ለመሆን የበቁ ሴት ስማቸው እስከ ዛሬ ጎልቶ የሚጠራው እጅግ ጥቂቶች ስለ ነበሩ ነው።

ነገሩን ለማመዛዘን በቅኝ ግዛት ሥር ወደ ነበሩት አገሮች ጥቂት እንመልከት፤ በዚያ መንግሥት ለሃይማኖት ትምህርት ቤት የሚሰጠው ነገር በገንዘብ የተቈጠረና በመዝገብ የተጻፈ ነበርና። እንግሊዞች በሕንድ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1854 ባወጡት የትምህርት መመሪያ፣ የሚሲዮን ትምህርት ቤት ቢሆንም ዓለማዊውን ትምህርት በሚገባ እስካስተማረና ለመንግሥት መርማሪ በሩን እስከ ከፈተ ድረስ ድጎማ ያገኛል አሉ። በ1925 ለአፍሪካ ቅኝ ግዛቶቻቸው ያወጡት መመሪያም በዚሁ መንገድ ከሚሲዮኖች ጋር ተባብሮ የመሥራት፣ ድጎማ የመስጠትና የመመርመር ነበር። ቤልጅጎች በኮንጎ ድጎማውን ለብዙ ዓመታት ለካቶሊክ ሚሲዮኖች ብቻ ሰጥተው፣ ፕሮቴስታንቶቹ ማግኘት የጀመሩት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። በኬንያ ደግሞ ከ1929 ወዲህ ከሚሲዮኖች ጋር የተጣሉት ኪኩዩዎች በወላጆች መዋጮ የራሳቸውን ትምህርት ቤቶች አቋቋሙ። ቅኝ ገዢው መንግሥት በ1952 የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ካወጀ በኋላ ግን እነዚያን ትምህርት ቤቶች ዘጋቸው።

ከዚህ የምንረዳው ነገር ሁለት ወገን ያለው ነው። በመዝገብ የተጻፈ ድጎማ የሚያዝ ጌታ አለው፤ ከፋዩ መርማሪ ይልካል፣ ቋንቋ ይመርጣል፣ ወዳጅና ጠላት ይለያል። ነገር ግን በመዝገብ የተጻፈ ስለሆነ፣ የቀነሰው ወይም ያቋረጠው እንደ ሆነ ይታወቃል፤ ለምን ተቋረጠ ብሎ የሚጠይቅም አይጠፋም።

የከፋዩን አዛዥነት እኛም በጣልያን የወረራ ዘመን አይተናል። በ1928 ዓ.ም. የወጣው የጣልያን የምሥራቅ አፍሪካ ሕግ አገሪቱን በየወገኑ ከፋፈለ፤ በእስላሞች አገር ትምህርት በዐረብኛ እንዲሰጥም ደነገገ። ይህም ለእስልምና ትምህርት ከማሰብ የመጣ ሳይሆን ሕዝቡን ለይቶ ለመግዛት የታቀደ ነበር። በቤተ ክርስቲያን በኩልም ከእስክንድርያ የተለየች፣ ለወራሪው የምትታዘዝ ቤተ ክርስቲያን ለማቋቋም ፈልጎ፣ የጎጃም ጳጳስ የነበሩትን አቡነ አብርሃምን በ1930 ዓ.ም. ሊቀ ጳጳስ አሰኛቸው። እምቢ ያሉት አቡነ ጴጥሮስ ግን አስቀድሞ በሐምሌ 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በጥይት ተገድለው ነበር። የደብረ ሊባኖስ መነኮሳትም በ1929 ዓ.ም. ተረሸኑ። በአንድ እጅ ሹመት በሌላው እጅ ጥይት የያዘ መንግሥት ለሃይማኖት ወዳጅ ሊባል አይችልም።

አሁን ወደ ራሳችን መንግሥት እንመለስ። ዳግማዊ ምኒልክ በአዲስ አበባ በስማቸው የሚጠራውን ትምህርት ቤት በ1901 ዓ.ም. ሲያቋቁሙ፣ የቤተ ክህነትን ስጋት ለማስታገስ መምህራኑን ያስመጡት ከግብፅ የቅብጥ ቤተ ክርስቲያን ነበር፤ አለቃቸውም ሐና ሳሊብ ቤይ ነበሩ። የመምህራኑ ደመወዝ ከመንግሥት ግምጃ ቤት ተከፈለ። በአገራችን የአስተማሪ ደመወዝ በገንዘብ ተቈጥሮ በመንግሥት መዝገብ ላይ መስፈር የጀመረው ከዚህ ወዲህ ነው ለማለት ይቻላል። ነገር ግን መዝገቡ የተከፈተው ለአዲሱ ትምህርት ቤት ነው፤ የዲማው የኔታ በዚያ መዝገብ ስም አልነበራቸውም። መንግሥትም ለእርሳቸው ጉልቱ ይበቃቸዋል ብሎ ያስብ ነበር።

ከነጻነት በኋላ ሕጎቹ ተከታትለው ወጡ። በኅዳር 1935 ዓ.ም. የቤተ ክርስቲያን አስተዳደር ደንብ በነጋሪት ጋዜጣ ታወጀ። የቤተ ክርስቲያን መሬት እንደ ሌላው መሬት ግብር ይከፍላል፤ ግብሩ ግን ለመንግሥት ገንዘብ ቤት ሳይሆን ለቤተ ክርስቲያኒቱ ገንዘብ ቤት ይገባል ተባለ። በነሐሴ 1936 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ደግሞ ለሚሲዮኖች የሚሠሩበትን ወሰን አበጀላቸው። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሕዝብ በሚኖርበት አገር ሃይማኖት እንዳይሰብኩ፣ ሌላው አገር ግን ክፍት እንዲሆንላቸው፣ የማስተማሪያው ቋንቋም በጠቅላላው አማርኛ እንዲሆን ተወሰነ። በኅዳር 1940 ዓ.ም. በመሬት ላይ የትምህርት ግብር ተጣለ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 126 የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በመንግሥት የምትደገፍ የመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን ናት ሲል ጻፈ።

እነዚህን አራት ሕጎች አጠገብ ለአጠገብ አድርገን ብናነብ የሚታየን ነገር አለ። ቤተ ክርስቲያኒቱ በመንግሥት ትደገፋለች ተብሎ ተጽፎአል፤ የሚደግፋት ግን የገዛ መሬቷ ግብር ነው። የትምህርት ግብር በገበሬው መሬት ላይ ተጥሎአል፤ ግብሩ የተጣለው ግን ለመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። በአዲስ አበባ ለዘመናዊው የመንፈሳዊ ትምህርት ቅድስት ሥላሴ ተቋቁሞ፣ በ1954 ዓ.ም. አካባቢ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አንዱ ክፍል ሆነ። በጎጃም ደብር ያለው የቅኔ ጉባኤ ግን እንደ ጥንቱ በጉልቱና በአኮፋዳው ቀጠለ። የጎጃም ገበሬም በአንድ በኩል ለደብሩ፣ በአንድ በኩል ልጁ ገና ላልገባበት ትምህርት ቤት፣ በአንድ በኩል ደግሞ ከደጁ ለቆመው ተማሪ እየሰጠ ኖረ። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ የጎጃም ገበሬዎች ርስታችን ይነካል ብለው በብዙ ወረዳዎች የተነሡበት ምክንያት ብዙ ቢሆንም፣ በአንድ አውድማ ላይ ብዙ እጅ መዘርጋቱ በውስጡ እንደ ነበረ አይካድም።

ከዚያ በኋላ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. መጣ። የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ንብረት እንዲሆን የደነገገው ዐዋጅ ጉልትንና የቤተ ክርስቲያንን መሬት በአንድ ቀን አስቀረ። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ዐዋጅም የኪራይ ቤቶቿን ወሰደ። በዚህ ላይ ፍርድ ስንሰጥ ሚዛናችን ቀና ሊሆን ይገባል። ለጭሰኛውና ለገባሩ ዐዋጁ ነጻነት ነበር። ከአውድማው ሳይወድ የሚሰፍርለት ሰው ቀረ፤ ይህ ፍትሕ ነው። ጉልት ይመለስ የሚል ሰው ማን ተመልሶ ገባር ይሁን የሚለውን ጥያቄ መመለስ አለበት።

ነገር ግን በዚያው ቀን ሳይታሰብ የተቋረጠ ሌላ ነገር አለ። ይኸውም የመሪጌታው ቀለብ ነው። መንግሥት ለቤተ ክህነቱ አስተዳደር ለጊዜው የገንዘብ ድጎማ ቢሰጥም፣ በየገጠሩ ደብር ለተቀመጡት የኔታዎች ለየአንዳንዳቸው በመሬታቸው ፈንታ የታሰበ ደመወዝ አልነበረም። ይህ የሆነው በክፋት ብቻ ነው ማለት አይቻልም። በሃይማኖት ላይ የነበረው ጥላቻ የታወቀ ነው፤ ቅድስት ሥላሴ ኮሌጅ እንኳ በዚያ ዘመን ተዘግቶ ነበር። ነገር ግን ዐዋጁን የጻፈው ሰው ደግ ሰው ቢሆንም እንኳ፣ ከፊቱ ያለው መዝገብ የመሬት መዝገብ እንጂ የትምህርት ቤት መዝገብ አልነበረም። በመሬቱ መዝገብ ላይ ደግሞ የተጻፈው «ሰሞን» ነው እንጂ «የመምህር ደመወዝ» አይደለም። ለዘመናት በጀት ተብሎ ያልተጻፈ በጀት ስለ ነበረ፣ ሲሰረዝ የአንድ ትምህርት ቤት በጀት ተሰረዘ ብሎ ያሰበ ባለሥልጣን አልነበረም።

ቤተ ክርስቲያኒቱ ፈጽማ ያልወደቀችው አስቀድሞ የታሰበ አንድ ነገር ስለ ነበረ ነው። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ በ1965 ዓ.ም. ቃለ ዐዋዲን አውጥተው በየአጥቢያው ሰበካ ጉባኤ እንዲቋቋም፣ ምእመናንም በአስተዋጽኦአቸው ቤተ ክርስቲያናቸውን እንዲያስተዳድሩ አድርገው ነበር። መሬቱ ሲሄድ መዋጮው ቀረ። ይሁን እንጂ የሰበካ ጉባኤ ገቢ ከሁሉ አስቀድሞ የሚውለው ለቅዳሴው፣ ለካህናቱና ለሕንፃው ነው። በከተማ ያለ ደብር ሲከብር፣ የቅኔ ጉባኤ ያለበት የገጠር ደብር ደግሞ ይደኸያል። ሊቃውንቱን የሚያወጣው ገጠር፣ ገንዘቡን የሚሰበስበው ከተማ ሆነ ማለት ነው።

የአሁኑ ሕገ መንግሥት በ1987 ዓ.ም. ሲጸና በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፣ በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ እንደሚሰጥ ደነገገ። በአንቀጽ 27 ደግሞ አማኞች የሃይማኖታቸውን ትምህርት ቤት የማቋቋም መብት እንዳላቸው አረጋገጠ። ይህ ሕግ መልካም ምክንያት አለው። በጉልቱ ዘመን የወሎው ደረሳ ቁርኣንና ኪታብ ሲማር የሚያበላው የሼሁ መንደር ሕዝብ ነበር፤ መንግሥት ለደብር እንደ ሰጠው ያለ ጉልት ለእርሱ አልሰጠውም። ደረሳውም እንደ ቆሎ ተማሪው የጎረቤት እንጀራ በልቶ የተማረ የዚሁ አገር ልጅ ነው። ከሁሉም ከተሰበሰበ ግብር የአንዱን ሃይማኖት ትምህርት ብቻ መክፈል ቅን አይሆንም። ስለዚህ የመንግሥት በጀት የአብነት መምህርን ደመወዝ ይክፈል ብዬ ለመጠየቅ አልቆምኩም።

ታዲያ ምን ቀረ ብትሉኝ፣ በመጀመሪያ የተናገርኳቸው አራት ነገሮች ዛሬ በማን ትከሻ ላይ እንዳሉ እንቍጠር። የመምህሩ እንጀራ በሰበካ ጉባኤውና በበጎ አድራጊዎች ላይ ነው፤ እንደ ማኅበረ ቅዱሳን ያሉ ማኅበራትም የአብነት ትምህርት ቤቶችን በመርዳት ይሠራሉ። ጣራው ተማሪዎቹ ራሳቸው በጭራሮና በሣር የሚሠሯት ጎጆ ናት። መጽሐፉ በደብሩ ዕቃ ቤትና በመምህሩ ቃል ውስጥ ነው። የተማሪው እንጀራ ግን ዛሬም በአመዛኙ ከደጅ የሚለመን ነው። በገጠር ደጁ ክፍት ስለሆነ ተማሪው ይሰማል፤ ከተማ እያደገ፣ አጥሩ ከፍ፣ በሩ ብረት እየሆነ ሲሄድ ድምፁ ከውስጥ አይሰማም። ለዘመናት ያልተቋረጠው የእናቶች ቁራሽ ሊቋረጥ የሚችለው በዐዋጅ ሳይሆን በብረት በር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

እንግዲህ የሃይማኖትን ነገር ለሃይማኖት፣ የመንግሥትን ነገር ለመንግሥት ትተን፣ ሕጉ ሳይጣስ ሊሠሩ የሚችሉ ሦስት ነገሮች አሉ።

አንደኛው መቍጠር ነው። በአንድ ወረዳ ስንት ጉባኤ እንዳለ፣ ስንት ተማሪ እንዳለበት፣ ከእነዚህም ዕድሜአቸው ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት የደረሰ ሕፃናት ስንት እንደ ሆኑ የሚያሳይ መዝገብ ይኑር። ሕፃኑ የአብነት ተማሪ ስለሆነ ዜግነቱ አልቀረም፤ ዘመናዊውንም ትምህርት የማግኘት መብት አለው። የተቈጠረ ሰው ይታሰባል፤ ያልተቈጠረ ግን ቢራብም ቢታመምም ሪፖርት አይደረግም።

ሁለተኛው ጤና ነው። በጠባብ ጎጆ ብዙ ሆነው የሚያድሩ ወጣቶች ንጹሕ ውኃና መጸዳጃ፣ ክትባትና ሕክምና ያስፈልጋቸዋል። ይህ የሃይማኖት ድጎማ አይደለም፤ የጤና ባለሙያው ለመንደሩ ሁሉ የሚያደርገውን ለዚያ መንደር ነዋሪ ማድረግ ነው።

ሦስተኛው ቅርስ ነው። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ በ1992 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 209 የአገር ቅርስ እንዲጠበቅ ያዝዛል። ብራናው በዕቃ ቤት ቢቀመጥ፣ የሚያነበው ሰው ከሌለ ብራናው ቆዳ ብቻ ነው። የግእዝ ቋንቋ፣ የዜማው ምልክት፣ የቅኔው ስልት፣ የትርጓሜው አካሄድ የሚኖሩት በሰው ቃል ውስጥ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጽሑፋችንን በፊሎሎጂ የሚያጠኑ ምሁራንም ቢሆኑ፣ ምንጫቸውን ሲፈልጉ ወደ እነዚህ ሊቃውንት መሄዳቸው አይቀርም። ስለዚህ ሊቁን መርዳት ብራናውን ከመርዳት የተለየ አይደለም።

ቤተ ክህነትም በበኩሏ ከዚህ ታሪክ የምትማረው አለ። በከተማ ደብሮች ከሚሰበሰበው ገንዘብ ለገጠር ጉባኤ የሚሆነው ድርሻ በራሱ ስምና በራሱ አንቀጽ በበጀት ላይ ይጻፍ። «ለአገልጋዮች» በሚል አጠቃላይ ቃል ሥር የተሸሸገ የመምህር ቀለብ፣ የሰሞን መሬት ዕጣ እንደ ደረሰበት ሁሉ፣ ችግር በመጣ ቀን ማንም ሳያየው ይቀራል። የተማሪው ቀለብም እንዲሁ ይጻፍ፤ ስለ ድንግል ማርያም ብሎ መለመኑ ትሕትናን ለመማር ይጠቅማል የሚሉ አባቶች አሉ፣ ቃላቸውም ይከበራል፤ ነገር ግን ትሕትና ሌላ ነው፣ ረሃብ ሌላ ነው።

የተከበራችሁ አድማጮች፤ እኛ የመሥሪያ ቤት ሰዎች የምንጽፍበት ፊደል ከእነዚያ የሣር ጎጆዎች የመጣ ነው። ለየግምጃ ቤቱና ለየመዝገብ ቤቱ የመጀመሪያዎቹን ጸሐፊዎች ያወጡት የቄስ ትምህርት ቤቶች ናቸው፤ እነዚያን ጸሐፊዎች ያበላው ደግሞ ስሙ በየትኛውም ወንጌል ኅዳግ ያልተጻፈ ገበሬና ሚስቱ ናቸው። ያንን ዕዳ በገንዘብ እንክፈል ብንል አንችልም። የምንችለው ነገር ቢኖር በሥራችን ላይ መጠንቀቅ ነው፤ አንድን ነገር ከመዝገብ ከመሰረዛችን በፊት ከዚያ መስመር ጀርባ የማን እንጀራ እንዳለ እንጠይቅ፤ በመዝገብ ሳይጻፍ የቆመ ነገር ባገኘን ጊዜም ሳይወድቅ እንጻፈው።